የአከራይዋ ዳቦ

አዳራሹ በሳቅ የፈነዳው ማንም ምንም ባልተናገረበት ቅጽበት ነበር። ከፊልሙ የሚሰማው ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው፤ ማንኪያውን የያዘችው ደግሞ ራሷ ሃሎ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከታናሽ እህቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ባለፈው ዓመት ካሜራ ፊት የጠጣችውን ሾርባ ድምፅ እየሰማች ነው። ቦታው የቱ እንደሆነ በደንብ ታውቀዋለች፤ አከራይዋ ሴትዮ ለተከራይዋ ስለ ሟች ባሏ የምታወራበት፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማዋል ብላ ያሰበችው ቦታ ነው። ታዲያ ሰዉ ምን አይቶ ነው የሚንከተከተው? ከኋላዋ አንድ ጎርናና ድምፅ ሳል እስኪይዘው ይስቃል፤ በግራ በኩል አንዲት ሴት «ኧረ ሆዴን!» እያለች ወንበሩን ትደበድባለች። ሃሎ ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሚጡ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ምንም ሳይፈጠር ነው እንዲህ የሚሳቀው?»

«ስለተዋጣልሽ ነው እታለም። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ሚጡ ስትዋሽ ድምፅዋ ከደረቷ ወጥቶ ወደ አፍንጫዋ ይሸሻል። ሃሎ ይህንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ታውቃለች፤ አውቃም ታልፋለች፤ ምክንያቱም ሚጡ ዓይኗ ናት። የመንገዱን ጉድጓድ፣ የሰዉን አለባበስ፣ የሰማዩን ደመና፣ የዘመዱን ፎቶግራፍ ስትነግራት ያደገችው እሷ ናት። ሌላ ጊዜ አብረው ፊልም ሲገቡ አንዲት ነገር አታልፍም፤ «አሁን በሩን ከፈተ፣ አሁን ሽጉጡን አየ፣ አሁን ፊቱ ተለዋወጠ» እያለች አጠገባቸው ያለ ሰው «ኧረ እናንተ ሴቶች!» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ ታንሾካሹካለች። ዛሬ ግን፣ እህቷ ራሷ በምትታይበት ፊልም ላይ፣ አፏ ተለጎመ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ ለሃሎ ግን ነገር ሁሉ የሚገባው በሚጡ አፍ በኩል ነበር፤ ያ አፍ ሲዘጋ ጨለማው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማ ሆኖ ተሰማት።

ሃሎ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከግድግዳው ወዲያ እየተንገጫገጨ፣ የሰው ጭንቀት በጆሮዋ ሲያልፍ ትውላለች። የሚደውለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው፤ እሷም ያንን ትወደዋለች። ፊልሙን የሠራው ዳይሬክተር ያገኛት እዚያው መስመር ላይ ነበር። እናቱ ታመው ተኝተው ሳሉ በየቀኑ እየደወለ የተኙበት ክፍል መስመር ለምን ሁልጊዜ እንደሚያዝ ሲያማርር፣ «መስመሩ አይደለም የተያዘው ጌታዬ፣ ነርሷ ናት፤ ሰሞኑን ፍቅር ይዟታል» አለችው። ሳቀ። በማግስቱም ደወለ፤ እናቱ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ደወለ። በመጨረሻ ራሱ መጥቶ፣ በአንድ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ማየት የማትችል አከራይ እንድትሆን ለመናት። «ዓይናማ ሰው መነጽር አድርጎ ዓይነ ስውር የሚሆንበት ጊዜ ማብቃት አለበት» አላት፤ «ደግሞ አንቺ ቀልድ ታውቂያለሽ።» ሃሎን የገዛት ይኸኛው ቃል ነበር። ሰው እስከዛሬ ጎበዝ ነሽ፣ ጠንካራ ነሽ፣ ምስኪን ብሏታል፤ ቀልድ ታውቂያለሽ ብሎ ሥራ የሰጣት ግን አልነበረም።

ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሾርባውን ስትጠጣ እጇን ወደ ዳቦው ትሰዳለች፤ በልምምዱ ጊዜ ዳቦው ሁልጊዜ ከሳህኑ በስተቀኝ ነበር። ሲቀረጽ ግን እጇ ባዶ ጠረጴዛ ዳሰሰ። ዕቃ አቅራቢው ረስቶታል ብላ አሰበች። ነገር ግን ካሜራው እየሠራ ነው፣ ዳይሬክተሩም አላቋረጠም፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር ከአፏ ወጣ፤ «ዳቦውም እንደ ባሌ ሳይሰናበተኝ ሄደ።» የቀረጻው ክፍል በሳቅ ተናጋ። ዳይሬክተሩ «ድንቅ!» ብሎ ጮኸ። ሃሎ ያንን ቀን ለአንድ ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛ ኖራለች፤ ምሳ ስትበላ ብቻዋን ፈገግ እያለች፣ ማታ ስትተኛ እየደጋገመች።

አሁን ቦታው ደረሰ። ነገር ግን ሳቁ ከዓረፍተ ነገሩ ቀደመ። ሰዉ ገና እሷ አፏን ሳትከፍት አሽካካ፣ አጨበጨበ፣ እግሩን መሬት ላይ መታ፤ ያቺ የምትወዳት ቃልም እንደ ጠጠር ጎርፍ ውስጥ ወደቀች። ማንም አልሰማትም። እሷ ራሷ እንኳን ያለችበትን ቦታ ባታውቀው ኖሮ አትሰማትም ነበር።

ይህ የጠዋቱ ዝግጅት ለተጋባዥ እንግዶች ብቻ ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ መሪ ተዋናዩንና እሷን ወደ መድረክ ጠሩ። መሪ ተዋናዩን አገር የሚያውቀው ላስቲክ በሚል ቅጽል ስም ነው። ሃሎ ስሙ የወጣለት ሰውነቱ ስለሚተጣጠፍ ይመስላት ነበር። በቀረጻው ወቅት ጨዋ ሰው ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ሻይ ያመጣላታል፣ ስለ ልጆቹ ያወራታል። የሚገርማት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካሜራው ሲነሳ ጫማውን ማውለቁ። «ወለሉ ድምፅ ይይዛል» ብለው ነግረዋት ነበር። ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ይዞ ንግግር አደረገ፤ ፊልማችን ማንንም አላገለለም፣ እስከዛሬ በስክሪን ላይ ራሱን አይቶ የማያውቅ ወገናችን ዛሬ ራሱን አየ፣ አለ። ራሱን አየ የሚለው ቃል ሃሎን ትንሽ አሳቃት፤ ግን ጭብጨባው ስለበዛ ለብቻዋ ዋጠችው። ቀጥሎ ማይክራፎኑን ለእሷ ሰጧት።

«እኔ በሥራዬ ሰው የሚያውቀው ድምፄን ብቻ ነው» ብላ ጀመረች። «ፊቴንም አምናችሁ...»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ግማሹ አዳራሽ። ሃሎ ያለችው ነገር ምንም የሚያስቅ አልነበረም። ፊቷ ላይ ቀላል ንፋስ ተሰማት፤ ከንፋሱ ጋር የናና ከረሜላ ሽታ መጣ። ይህንን ሽታ ታውቀዋለች። በቀረጻው ጊዜ ስለ ባሏ ስታወራ አፍንጫዋ ስር ሲመላለስ፣ ሜካፕ የምትቀባት ልጅ ትሆናለች ብላ ንቃ የተወችው ሽታ ነው። ዝም አለች። ሳቁም እንደሚያባራ ዝናብ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። «አመሰግናለሁ» አለችና ማይክራፎኑን ወደ ባዶው ዘረጋች። አንድ ሰው ተቀበላት። ላስቲክ ይሆናል።

ምሳ የበሉት ሚጡ ቤት ነው። ሚጡና ባሏ በቅርቡ የገቡበት ሕንፃ ገና የቀለምና የሲሚንቶ ሽታ አለቀቀውም፤ የሶፋው ፕላስቲክ ሽፋን አልተነሳም፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። የሚጡ ባል በመድን ድርጅት የሚሠራ፣ ነገር በዋጋ የሚለካ ሰው ነው። ከሊፍቱ ጀምሮ ስለ ሥጋ መወደድ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ሲኒማው የመኪና ማቆሚያ ሲያወራ መጣ። ስለ ፊልሙ ግን ቃል አልተነፈሰም፤ ሚጡም እንዲሁ። ሃሎ ሩዙን በሹካ እየነካካች ሁለቱ በጸጥታው ውስጥ የሚለዋወጡትን ታዳምጥ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲነጋገሩ ሹካዎቻቸው አብረው እንደሚቆሙ ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። ሰላጣው ላይ አንድ ጊዜ ቆሙ። ውሃ ሲቀዳ ሌላ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ የባልየው ስልክ ጩኸት አሰማ፤ የሆነ ሰው ቪዲዮ ልኮለት ኖሮ ሳያስብ ነካው። የራሷ ድምፅ ከጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ «ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝምታው ነበር የሚያስፈራኝ...» ከድምፅዋ በላይ የሰው ሳቅ ተጭኖበታል። የሚጡ ባል ከጉሮሮው አንዲት ሳቅ አመለጠችው።

«አጥፋው!» አለች ሚጡ።

«ምን አጠፋሁ? ሰው ሁሉ እየተላላከው እኮ ነው።»

«አጥፋው አልኩህ!»

ጠፋ። ከላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር ሲጎትት ይሰማል።

«ሚጡ» አለች ሃሎ፣ ሹካዋን አስቀምጣ፤ «ላስቲክ እዚያ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ይቀልዳል።»

«በምን?»

«በ... በሁሉም ነገር። ያው የእሱን ነገር ታውቂው የለ።»

«አላውቀውም። አይቼው አላውቅም።»

የሚጡ ባል ጉሮሮውን ጠረገ። «አይቀየሙ እትዬ። አስቂኝ ፊልም ነው። ሰው በኑሮው ተማሮ ትንሽ ሊስቅ ነው የሚገባው። ደግሞ ለእርስዎ ክብር ነው፣ ስምዎ በትልቁ ተጽፏል።» የሚጡ ዝምታ ከባሏ ንግግር በላይ ነገር ነገራት። ሃሎ ደክሞኛል ብላ ተነሳች። ሚጡ ልሸኝሽ ስትላት እምቢ አለች፤ ሊፍቱ ጋ ደርሰው ድጋሚ ስትለምናት «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ቀን ነው» አለቻት። ቀን መሆኑ ለእሷ ምን ይጠቅማል ብላ ሚጡ አልጠየቀችም፤ እንደ ድሮው ቢሆን በዚህ ነገር ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ቤቷ አልሄደችም። አውቶቡስ ይዛ ወደ ሲኒማ ቤቱ ተመለሰች። ነጩን በትሯን እያንኳኳች ትኬት መሸጫው መስኮት ጋ ስትደርስ፣ ውስጥ ያለችው ሻጭ ትንሽ ተንተባተበች። «ፊልም... ፊልም መሆኑን ያውቃሉ አይደል?» አለቻት። «ድምፅ ካለው ይበቃኛል» አለች ሃሎ። ዋጋው ከባለፈው ወር ጨምሯል፤ ሻጯ ግን ግማሹን ብቻ ተቀበለቻት። ግማሹን ነው የምታየው ብላ አስባ ይሆናል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተናጋጁ መካከል ላይ አስቀምጧት ሄደ። በቀኟ ያለችው ሴት ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ነበር፤ ጉልበቷ ሰፊ፣ ድምፅዋ ሰፊ። ሃሎ ተጠጋቻት።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ አላይም። ድምፅ የሌለበት ቦታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ትነግሪኛለሽ?»

«ውይ፣ በደስታ!» አለች ሴትየዋ፣ ኦቾሎኒ መዳፏ ላይ እየቆጠረችላት ሳይሆን እየደፋችላት። «እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ‹ወራጅ አለ፣ ጠጋ በሉ› ስል ነው የምውለው፤ መናገር አይደክመኝም።»

እውነትም አልደከማትም። ፊልሙ ሲጀመር ከመጀመሪያው ምስል ተነስታ የግድግዳውን ቀለም፣ የተከራዩን የተቀደደ ካልሲ፣ የአከራይዋን ሽበታም ዊግ ሳይቀር ነገረቻት። ሃሎ በፊልሙ ውስጥ አሮጊት እንዳደረጓት ታውቅ ነበር፤ ዊጉ ያሳክካት ነበር። ሾፌሯ ከጎኗ የተቀመጠችውን ሴት ከስክሪኑ ሴት ጋር አላገናኘችም። ሃሎም ዝም አለች። ከዚያ የማንኪያው ድምፅ መጣ።

«አሁንስ?» አለች ሃሎ። እጆቿ በትሯን ጨብጠው ነበር።

«ቆይ... ጫማውን አወለቀ። ከወንበሩ ተነሳ። ሴትየዋ እኮ አላወቀችም፣ ፊቷን ወደ ባዶው ወንበር አድርጋ ነው የምታወራው። ኪኪኪ! እሱ በእግር ጣቱ እየተራመደ መጣ፣ አጠገቧ ነው አሁን። እጁን ዓይኗ ፊት እንዲህ እንዲህ አደረገ። ምንም! አሁን ፊቱን፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ፊቱን በእጁ ወዲያና ወዲህ ሳበው፤ ልክ እንደ ላስቲክ። ለዚህ ነው እኮ ላስቲክ የሚሉት። አንገቷን ስታዘነብል ያዘነብላል፣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ያንቀጠቅጣል፤ እሷን ነው የሚያስመስለው። ውይ ሆዴ! ሾርባዋን በሌላ ማንኪያ እየጠጣባት ነው። አሁን ዳቦዋን አነሳ! አፉ ውስጥ ከተተው፣ ሙሉውን! እሷ ትዳብሳለች፣ ጠረጴዛውን ትዳብሳለች...»

አዳራሹ ተናጋ። ሃሎ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠርጥራ ነበር፤ ግን መጠርጠርና ማወቅ አንድ አይደሉም። ያ ሁሉ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ካሜራ የያዘው፣ መብራት የያዘው፣ «ውሃ ልስጥሽ?» የምትላት የሜካፕ ልጅ፣ ስክሪፕቱን በስልክ ቀድታ የሰጠቻት ረዳት። ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። እሷ ደግሞ መካከላቸው ቁጭ ብላ ከልቧ ታለቅስ ነበር።

«ምን አለች?» ሾፌሯ ወደ እሷ ዞረች። «አፏ ተንቀሳቅሷል፣ በሳቁ አልሰማሁም። ሰምተሻል?»

«ዳቦውም እንደ ባሌ ሳይሰናበተኝ ሄደ» አለች ሃሎ።

ሾፌሯ ሳቀች። እንደ ቅድሙ አይደለም። አጭር፣ ከሆድ የወጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ «እህ...» የሚሄድ ሳቅ ነበር። «ይቺ ሴትዮ!» አለች። «እሱን ሁሉ በአንድ ቃል ጣለችው እኮ። ታዲያ ይህንን ለምን...» ቃሏን ሳትጨርስ አቆመች። ኦቾሎኒ ስትፈለፍል የነበረው እጇም ቆመ። በስክሪኑ ላይ አከራይዋ እየተናገረች ነው፤ ሾፌሯ ያንን ድምፅ አሁን በሁለቱም ጆሮዋ ሰማችው።

«ድምፅሽ...» አለች ዝግ ብላ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሃሎ ራሷን ነቀነቀች።

«ወይኔ፣ እኔ አፈር ልብላ። አላወቅሽም ነበር?»

«አላወቅኩም።»

«ልተወው?»

«አትተዪው። እስከ መጨረሻው ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ሾፌሯ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልሳቀችም። ዙሪያቸው ሰዉ እየተንከባለለ፣ እሷ እንደ ሐኪም ቤት ውጤት በዝግታ፣ በወፍራም ድምፅዋ ታነብላት ነበር፤ አሁን ጃንጥላሽን ወሰደ፣ አሁን ከበስተኋላሽ ይደንሳል፣ አሁን በርሽን ከፍቶ ዕቃሽን እያወጣ ነው፣ አንቺ «መልካም ሌሊት» ትይዋለሽ። ሲያልቅ ሰዉ እንዳይጋፋት በትከሻዋ ከለለቻትና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አደረሰቻት። ስትሰነባበታት የሃሎን እጅ ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ ያዘች። «ስቄብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለች። ሃሎ «አንቺ እንኳን ሳታውቂ ነው» አለቻት። ሾፌሯ ወደ ሃሎ ቤት የሚሄደውን አውቶቡስ ቁጥር ነገረቻትና ቤተሰቧ ወደሚጠብቃት ሄደች።

ሃሎ ማቆሚያው ላይ ቆማ ሳለች ዳይሬክተሩ ደወለ። ድምፁ ሞቅ ብሏል፤ ከጀርባው ሙዚቃና የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል። «የት ጠፋሽ! ሁሉም ሰው አንቺን ነው የሚጠይቀኝ። የከሰዓቱ አዳራሽ ወንበር አልተረፈም። ክፍል ሁለትን ወስነናል!» አላት።

«ዳቦዬን ማን ወሰደው?» አለች ሃሎ።

«የምን ዳቦ?»

«ከሾርባው ጋር የነበረውን።»

ሙዚቃው ራቀ፤ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ በር የዘጋ ይመስላል። «ስሚኝ» አለ፤ «ብነግርሽ ኖሮ እንደዚያ ተፈጥሯዊ አይሆንም ነበር። አንቺ እኮ ተዋናይት አይደለሽም፤ ያንን ፊት ከየት ታመጪው ነበር? ለፊልሙ ብለን ነው። ክፉ አስበን አይደለም። ደግሞ አየሽው፣ ሰዉ እንዴት እንደወደደሽ!»

«ብትነግሩኝ ኖሮ እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር» አለችው። «እጁን ነክሼ ዳቦዬን አስተፋው ነበር። ሰዉም የባሰ ይስቅ ነበር። አንተ ቀልድ ታውቂያለሽ ብለኸኝ አልነበር?»

«እሺ፣ እሺ፣ ይኸው ሐሳብ! ለክፍል ሁለት...»

«በክፍል ሁለት አከራይዋ ቤቱን ሸጣ ሄዳለች በላቸው።» ስልኩን ዘጋች። በቀን መቶ ጊዜ ስልክ ትዘጋለች፤ ይህኛውን ከዘጋች በኋላ ግን የስልኩን ድምፅ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የምትኖረው ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ የብረቱ መደገፊያ የቀኑን ፀሐይ ገና አልጨረሰም፤ ለብ ይላል። የሚጡን ሽቶ ከታች ነበር ያሸተተችው። በሯ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃት ኖሯል፤ ስትነሳ ቀሚሷ ላይ ያለውን አቧራ ስታራግፍ ተሰማ።

«የት ነበርሽ እታለም? ስልክሽን አታነሺም።»

«ፊልም ቤት።» ሃሎ ቁልፉን አዞረች። «ሌላ ሰው ነገረችኝ።»

ገቡ። ክፍሏ አንዲት ናት፤ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። ሚጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሃሎ ቆማ ቀረች። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት የሆነ ነገር እየጠበሰ ነው፤ የዘይቱ ጩኸት በሁለቱ ዝምታ መካከል ይንጫጫል።

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለች ሚጡ በመጨረሻ። «እዚያ ሰው መሀል፣ አንቺ እንደዚያ ደስ ብሎሽ ቁጭ ብለሽ...»

«አልሳቅሽም?»

ዘይቱ ጮኸ።

«ሳቅኩ» አለች ሚጡ። ድምፅዋ ከደረቷ ነበር የወጣው። «ጥርስ ባዳ ነው እታለም። መጀመሪያ ላይ ሳቅኩ። ከዚያ አንቺ መሆንሽ ትዝ አለኝ።»

ሃሎ ይህንን ስትሰማ መታመም የነበረባት መሰላት፤ ግን መጀመሪያ የተሰማት ድካም ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እስከዛሬ ስትነግሪኝ» አለች፤ «ስንቱን አስቀርተሽብኛል?»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መንገድ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ። ሰው ሲያየኝ የሚያደርገውን።»

ሚጡ ስትመልስ ማልቀስ ጀምራ ነበር። «ደግ ደጉን ነው የነገርኩሽ» አለች። «ክፉውን ነግሬሽ ምን ላተርፍ? አንቺስ ምን ታደርጊበት ነበር?»

«የእኔ ነበር እኮ፣ ሚጡ። ክፉም ቢሆን የእኔ ነበር።»

ከውጭ አንድ ሰው ደረጃውን እያፏጨ ወጣና አለፈ። ሃሎ ፊቷን ወደ እህቷ አቀናች። «እስቲ አሁን ንገሪኝ» አለቻት፤ «ምን እመስላለሁ?»

«ቆንጆ ነ...»

«ሚጡ።»

ሚጡ አፍንጫዋን ጠረገች። ስትናገር በዝግታ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ከሆነ ቦታ እየነቀለች ይመስል። «ደክሞሻል። ዓይንሽ ስር ጠቁሯል። ጸጉርሽ በግራ በኩል ተበትኗል። ሊፕስቲክሽ...» ቆመች። «ጠዋት ስቀባሽ እጄ ተንሸራቶ ከከንፈርሽ ወጥቷል። ወደ ጉንጭሽ ሄዷል። ሲኒማው ደጃፍ ላይ ነው ያየሁት፤ መሐረብ አልያዝኩም፣ ሰው ይጠብቀን ነበር፤ ከነገርኩሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ተውኩት። ምሳ ላይም ለመናገር አፈርኩ።»

«መድረክ ላይም እንደዚያ ሆኜ ነበር?»

«አዎ።»

«አውቶቡስ ውስጥም።»

«አዎ እታለም። አሁንም አለ። ነይ ልጥረግልሽ።»

የወንበሩ እግር ተፋቀ፤ ሽቶው ቀረበ። ሃሎ እጇን ከፍ አድርጋ አቆመቻት። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም አላነሳችም። «ሂጂ» አለቻት። «ባልሽ ይጠብቅሻል። እኔ እጠርገዋለሁ።» ሚጡ ትንሽ ቆመች። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እርምጃዋ ደረጃውን እየወረደ፣ እየሳሳ፣ ከመንገዱ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ።

ሃሎ እጅ መታጠቢያው ጋ ሄዳ ውሃውን ከፈተች። ፎጣውን አራሰችና አፏን ጠረገች፤ ከዚያ በሳሙና ጠረገች፤ ከዚያ ጉንጯን፣ አገጯን፣ ሄዶ ይሆናል ብላ ያሰበችበትን ሁሉ ቆዳዋ እስኪያቃጥላት ድረስ አሸችው። ውሃውን ዘጋች። በጣቷ ከንፈሯን ዳሰሰች፤ ጣቷ ስለ ቀለም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የጎረቤቱ መጥበሻ ጸጥ ብሏል፤ ማዶ ሰዎች እየበሉ ነው። እርጥቡን ፎጣ እንደያዘች መታጠቢያው ፊት ቆመች፤ ለቋል ወይስ አለቀቀም ብላ የምትጠይቀው ሰው ግን በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።